የግቢ ወንበርና የዝገት ነገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሲወጣ በበረንዳና በግቢ የከረሙ የብረት ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ቀለማቸው ተላጦ፣ እግራቸው ዝጎ ይገኛል። ባለቤቶቹ ያን ጊዜ የሚያደርጉት ነገር ብዙውን ጊዜ ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም።

«ዝገቱ ላይ ቀለም ከተቀባ ይቆማል።»
አይቆምም። ዝገት እርጥበት የሚመጥና የሚይዝ፣ ከበላው ብረትም የበለጠ ቦታ የሚወስድ ነገር ስለሆነ፣ ከሥር እያበጠ አዲሱን ቀለም ይገፋዋል፤ ለመስቀል የተቀባ ወንበር በቀጣዩ ክረምት ቀለሙ እየተነፋ የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የሚላቀቀውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፣ ቀጥሎ በ80 ቁጥር፣ ማለስለሻውን ደግሞ በ120 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ አቧራውን በቲነር በራሰ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። የቆየ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አፍንጫንና አፍን ሳይሸፍኑ መፈግፈግ አይገባም።

«አንቲረስት ዝገትን ይበላል።»
ስሙ ያሳስታል። አንቲረስት ከዋናው ቀለም በፊት በንጹሕ ብረት ላይ የሚቀባ መከላከያ እንጂ የመፋቅን ሥራ የሚተካ አይደለም።

«አቼቶ ቀብቶ መተው ይበቃል።»
5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ ያለው አቼቶ ትናንሽ ብሎኖች ተነክረው ሲያድሩበት ዝገታቸውን በእርግጥ ያሟሟል። ነገር ግን ብረቱ ላይ ከቀረ ብረቱን ራሱን ስለሚበላ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥቦ ወዲያውኑ ማድረቅ ግድ ነው፤ እርጥብና ራቁቱን የቀረ ብረት በዚያው ቀን እንደገና መዛግ ይጀምራልና። በረኪና ግን ጭራሽ አይሞከርም፦ ብረትን ያዝጋል፣ ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

«የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ የሚመጣው ከዝገት ነው።»
በሽታውን የሚያመጣው በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ያልዛገ ሚስማርም አፈር ከነካው እኩል ያሰጋል፤ ስለዚህ ጥልቅ ቁስል የደረሰበት ሰው ስለ ክትባቱ ሐኪም ይጠይቅ።

«ከላይ ከተቀባ ከውስጥ አይዝግም።»
በእኔ ግምት ወንበሮችን ቶሎ ለውድመት የሚዳርገው ይህ ነው። በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ የብረት ቱቦ) የተሠራ እግር በብየዳው ክፍተትና በተቀደደው የፕላስቲክ ጫማው በኩል ውኃ ያስገባል፤ የገባው ውኃ መውጫ ሲያጣ ብረቱን ከውስጥ ይበላውና፣ ውጪው ገና ሲያብረቀርቅ እግሩ አንድ ቀን ሰው ተቀምጦበት ሳለ ይታጠፋል። መዶሻ ይዞ ከታች በቀስታ ማንኳኳት ይጠቅማል፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይም ብረቱ ከጎደጎደ፣ ያ ክፍል ተቆርጦ በብየዳ መተካት አለበት እንጂ ቀለም አያድነውም። ደኅና ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ እግር ዝቅተኛ ቦታ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ተበስቶ፣ የቀዳዳው ጠርዝም አንቲረስት ተቀብቶ ውኃው እንዲወርድ ይተዋል።