ሐዋሳ፦ ገበያና የሰው ስም በማኅበራዊ ሚዲያ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ሐይቅ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚወርደው እንግዳም አለ። ይህ ሁሉ ሰው የሚበላበትን፣ የሚያድርበትንና የሚገዛውን በስልኩ ይመርጣል። ነጋዴውም ይህን ስላወቀ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባለት መጀመሪያ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይሰቅላል።

ከተማዋ ግን ያን ያህል ሰፊ አይደለችም። ፒያሳ ላይ የተጣሉ ሰዎች አቶቴ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ስልክ ላይ የተሠራ ስምም እንደዚያው ነው፤ ውሎ ሳያድር ከሰፈሩ ወሬ ጋር ይገጣጠማል። ሁለቱ ከተስማሙ ንግዱ ይደራል። ካልተስማሙ ሰው የሚያምነው ሰፈሩን ነው።

የየመድረኩ ድርሻ

ፌስቡክ የቤተሰብና የትልልቆች ሰፈር ሆኗል። የምረቃ ፎቶ፣ የቤት ኪራይ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የሐዘን መርዶ እዚያ ይገኛል። ቴሌግራም ሱቅ ነው፤ ልብስ፣ ጫማ፣ ስልክ፣ የቤት ዕቃ በቻናል ይሸጣል። ቲክቶክ ካፌዎችን፣ ምግብ ቤቶችንና የሐይቁን ዳር ያስተዋውቃል። ኢንስታግራም ላይ ፎቶ ቤቶች፣ ዲኮር ሠሪዎችና ሙሽራ የሚያስውቡ ባለሙያዎች ይበዛሉ። ሊንክድኢን ከመምህራንና ከድርጅት ሠራተኞች ብዙም አልወጣም።

ጉግል ማፕን ብዙ ሰው ከማኅበራዊ ሚዲያ አይቆጥረውም። ለሆቴል ግን ዋናው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ከተማዋን የማያውቅ እንግዳ የሚያነበው የቀድሞ እንግዶች የጻፉትን አስተያየት ነው። «ሙቅ ውኃ የለም» የሚል አንድ መስመር ስንት የተዋበ ፖስተር ያበላሻል!

ቋንቋውም እንደ ከተማዋ የተቀላቀለ ነው። የዕለት ተዕለቱ ሽያጭ በአብዛኛው በአማርኛ ይጻፋል። ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ግን ገጾቹ በላቲን ፊደል በተጻፈ የሲዳምኛ የመልካም ምኞት መልእክት ይሞላሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ለበዓሉ በቋንቋው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ነጋዴ አንድም ብር ሳያወጣ ደንበኛ ያፈራል፤ ባለቤቱ ቋንቋውን ካልቻለ ግን የሚችል ሰው አስነብቦ ቢለጥፈው ይሻላል።

ሽያጩ እንዴት ይሄዳል?

የተለመደው የቴሌግራም ልጥፍ አጭር ነው። የጫማው ፎቶ ከሦስት አቅጣጫ፣ ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ የሱቁ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ በመጨረሻም «ያሉበት እናደርሳለን»። ደንበኛው ይደውላል፣ ትንሽ ይከራከራል፣ ይስማማል። ዕቃው በባጃጅ ይላካል። ሌላ ከተማ ከሆነ በመናኸሪያ በኩል ለሚኒባስ ሹፌር ይሰጣል።

ክፍያውን ያቀለለው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮቹ የስልክ አገልግሎት ነው። ችግሩም ከዚያው መጣ። የተቀነባበረ የክፍያ ስክሪንሹት ልኮ ዕቃ ወስዶ የሚጠፋ አለ። በተቃራኒው ቀብድ ተቀብሎ ብሎክ የሚያደርግ «ሻጭም» አለ። ልምድ ያለው ነጋዴ ስክሪንሹት አያይም፤ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ብሩ መግባቱን ያረጋግጣል። ልምድ ያለው ገዢ ደግሞ ሱቁ የት እንደሆነ ሳያውቅ ቀብድ አይልክም።

አሁን ዋጋውን ልጥፉ ላይ ሳይጽፉ «ዋጋ በኢንቦክስ» ወደሚሉት ሻጮች እንምጣ። ይህ ልማድ ለምን እንደማይጠፋ አይገባኝም። ሻጩ ተፎካካሪው ዋጋውን እንዳያይበት ይሰጋል፤ ወይም ደንበኛውን አይቶ ዋጋ መቁረጥ ይፈልጋል። ገዢው ግን የሚገባው ሁለተኛው ብቻ ነው። ጠይቆ እስኪመለስለት ድረስ ዋጋውን በግልጽ የጻፈ ሌላ ቻናል ያገኛል። በዚያ ላይ ለሁለት ጓደኛሞች ሁለት ዋጋ የነገረ ሻጭ ማታውኑ ይጋለጣል፤ ልጆቹ መልእክቱን አስተያይተው ሙድ ይይዙበታል።

ምን ዓይነት ምስል እንደሚሸጥ ለማየት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል መሄድ ይበቃል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ አሳው እዚያው ይታረዳል። ቆሮሶ የሚባለው የአሳ ዓይነት በቢላ ይገፈፋል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፣ ለሚወድ በጥሬው በዳጣ ይቀርባል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ፍርፋሪ ፍለጋ ከሰው እግር ሥር አይጠፉም። ይህን በስልክ የቀረጸ አጭር ቪዲዮ ዲዛይነር ከሠራው ማስታወቂያ የበለጠ ሰው ይጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተመልካቹ አሳው የዛሬ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ታዲያ ካሜራ የያዘው ሻጩ ብቻ አይደለም። እንግዳውም ይቀርጻል፤ ዝንቡንና ያልተጠረገውን ቆሻሻም ጭምር።

ቅሬታ ሲመጣ ብዙዎች የሚቀናቸው ኮሜንቱን ማጥፋት ነው። የጠፋው ኮሜንት ስክሪንሹት ሆኖ በሌላ ግሩፕ ይመለሳል፤ «አጥፍተውብኛል» የሚል ተጨምሮበት። ስሙ የሚተርፈው «ይቅርታ፣ በዚህ ስልክ ይደውሉልን» ብሎ እዚያው የመለሰና በእርግጥም ዕቃውን የቀየረ ነው። ፎሎወር መግዛት ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ ላይ ሦስት ላይክ ሲታይ ማን ይታለላል?

የግለሰብ ስም

ከዩኒቨርሲቲው የሚመረቅ ወጣት ሥራ ሲያመለክት ቀጣሪው ስሙን ፌስቡክ ላይ መፈለጉ እየተለመደ ነው። የሚታየውም ሲቪው ላይ ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ገና ተማሪ እያለ በብሔር ወይም በሃይማኖት ክርክር ላይ የጻፈው ሰውም ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፍ ወለምታ ደግሞ ስክሪንሹት አለበት። የቆዩ ልጥፎችን ከማመልከቻ በፊት ማየት፣ የጓደኞችን ታግ መገደብ፣ የሠሩትን ሥራ በፎቶ ማስቀመጥ ቀላል ጥንቃቄዎች ናቸው። በእጅ ሙያ ለሚተዳደሩ፣ ለምሳሌ ለአናጺ፣ ለልብስ ሰፊ ወይም ለፀጉር ሠሪ፣ የሠሩት ሥራ ፎቶ ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይበልጣል።

ሌላው አደጋ ስም መሰረቅ ነው። አንድ ሰው ፎቶዎን ከገጽዎ ወስዶ በስምዎ ሌላ ገጽ ይከፍትና ከዘመድ ብር ይጠይቃል። በቴሌግራም ደግሞ «በስህተት ኮድ ልኬብህ ነበር፣ መልስልኝ» የሚለው ማታለያ አካውንቱን ራሱን ያስወስዳል። ኮዱን ለማንም አለመስጠትና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት አብዛኛውን ጣጣ ያስቀራል።

ሕጉ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 24 የክብርና የመልካም ስም መብትን ይደነግጋል። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉም በፍትሐ ብሔር ሕጉም ያስጠይቃል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ጥፋቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ ቅጣቱን ያከብዳል፤ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር። ፎሎወር የገዙትም ይህን ቁጥር ቢያስታውሱት አይከፋም። ለንግዱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለ፤ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የደንበኛን ስልክና አድራሻ የሚይዝ ሰውም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይመለከተዋል።

የገጹ ባለቤትስ ማነው?

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገድበው ነበር፤ የተለቀቁት በሐምሌ ነው። በቪፒኤን የገባ ገባ። በቴሌግራም ብቻ የሚሸጡት ግን ደንበኞቻቸውን በሌላ መንገድ ማግኘት ነበረባቸው። የደንበኛ ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘ ሻጭ በኤስኤምኤስ ቀጠለ።

ከዚህ ያነሰ የሚመስል፣ ግን በየጊዜው የሚያጋጥም ጣጣም አለ። ብዙ ሱቆችና ሆቴሎች ገጻቸውን የከፈተላቸው «ኮምፒውተር የሚችል ልጅ» ነው። ልጁ በራሱ ስልክና በራሱ ኢሜይል ከፍቶት፣ ደመወዝ ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ይለቃል፤ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ባለቤቱ አዲስ ገጽ ይከፍታል። አሮጌው ገጽ ግን በአሮጌ ዋጋና በማይሠራ ስልክ ቁጥር ከነተከታዮቹ እዚያው ይቀመጣል፤ እንግዳውም በስም ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እሱን ነው። ስለዚህ ገጹ ሲከፈት ኢሜይሉና ስልኩ የባለቤቱ ይሁን፤ ልጁ አድሚን ሆኖ ይጨመር።