«ኸር ቱ 2+» ማለት ምን ማለት ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤቴ እማማ የጡት ካንሰር ናሙና ውጤታቸውን ይዘው መጡ። «ኸር ቱ፦ 2+» ይላል። «ልጄ፣ ፕላስ ካለማ ያ በሽታም አለብኝ ማለት ነው?» አሉኝ። ኧረ እማማ፣ ከኤችአይቪ ጋር አይገናኝም!

ኸር ቱ በሴል ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን መልእክት ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ከመጠን ሲበዛ፣ ተጣብቆ እንደሚጮህ የበር ደወል ነው፤ ሴሉ መባዛቱን አያቆምም።

ላብራቶሪው ናሙናውን ኸር ቱን የሚያሳይ ቀለም ያስነካዋል። ከዚያ ቡናማው ቀለም የሴሉን ዙሪያ ምን ያህል እንደከበበ በማይክሮስኮፕ ያያል። 0 እና 1+ ኔጌቲቭ፣ 3+ ፖዘቲቭ ነው። 2+ ግን ገና አልለየለትም (ፕላስ ተጽፎበት አለመለየቱ እኔንም ያናድደኛል)። የሚለየው በተጨማሪ የዘረመል ምርመራ ነው። ፖዘቲቭ ከሆነ፣ እንደ ትራስቱዙማብ ያሉ ኸር ቱን ለይተው የሚይዙ መድኃኒቶች ይታሰባሉ።