የካትማንዱ ሸለቆ ማላ ነገሥታትና የኔዋሮች ሥልጣኔ

የማላ ሥርወ መንግሥት በዛሬዋ ኔፓል የሚገኘውን የካትማንዱ ሸለቆ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ እስከ 1769 እ.ኤ.አ. የገዛ ሲሆን፣ የሸለቆው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኔዋሮች በጡብ፣ በእንጨትና በነሐስ ሥራ ስማቸውን ያስጠሩት በአብዛኛው በዚህ ዘመን ነው።

ጅምሩ መከራ ያልተለየው ነበር። በ1255 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ንጉሥ አብሃያ ማላን ገደለ፤ በ1349 ደግሞ የቤንጋል ሱልጣን ሠራዊት ሸለቆውን ዘረፈ። አገሩን ያረጋጋው ጃያስቲቲ ማላ ሕዝቡን በሙያና በዘር የሚመድብ ደንብ አጸና። የልጅ ልጁ ያክሻ ማላ በ1482 ሲሞት ግን ልጆቹ ግዛቱን ተከፋፈሉ፤ ካትማንዱ፣ ፓታንና ባክታፑርም ከጊዜ በኋላ በየራሳቸው ንጉሥ የሚተዳደሩ ሦስት ጎረቤታሞች ሆኑ።

ክፍፍሉ ለጦር ኃይል ድክመት፣ ለግንበኛና ለጠራቢ ግን ሲሳይ ነበር ማለት ይቻላል። የፓታኑ ንጉሥ በ1637 የሂንዱዎችን አምላክ የክሪሽናን ቤተ መቅደስ በድንጋይ አሠራ፤ የካትማንዱው ፕራታፕ ማላ በበኩሉ በ15 ቋንቋዎችና ፊደላት የተቀረጸ ጽሑፍ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አኖረ። ከሁሉ የሚልቀው በ1702 በባክታፑር የቆመው ባለ አምስት ጣሪያው የኒያታፖላ ቤተ መቅደስ ነው። በደረጃው ግራና ቀኝ ከታች ሁለት ታጋዮች፣ ከዚያ ዝሆኖች፣ አንበሶች፣ ክንፋም አውሬዎች፣ ከላይም ሁለት አማልክት ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ከበታቹ ካለው አሥር እጥፍ ይበረታል ተብሎ ይታመናል። የጣሪያዎቹን ክፈፍ የደገፉት ሰያፍ እንጨቶችም ሳይቀሩ በጥርብ የአማልክት ምስል የተሸፈኑ ናቸው።

የዚህ ሁሉ ወጪ ዋነኛ ምንጭ በሂማላያ በሮች የሚያልፈው የቲቤት ንግድ ነበር። ቲቤት የራሷን ገንዘብ ስለማታስቀርጽ ጥሬ ብር ወደ ሸለቆው ትልክ ነበር፤ ነገሥታቱም ሳንቲም አድርገው ሲመልሱላት ትርፋቸውን ያስቀሩ ነበር። የኋለኞቹ መዳብ እየደባለቁ ጥቅሙን አበዙት፣ አመኔታውን ግን አጡ።

ከሸለቆው በስተ ምዕራብ የነበረችው ትንሽ የተራራ መንግሥት የጎርካ ገዥ ፕሪትቪ ናራያን ሻህ ይህንን የገቢ ምንጭ በሚገባ ስላወቀ መጀመሪያ የንግድ በሮቹን ዘጋ። በ1768 ሕዝቡ የኢንድራ ጃትራን በዓል ሲያከብር ካትማንዱ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ባክታፑርም ወደቀች። እስከዚያ ድረስ የሸለቆው ብቻ መጠሪያ የነበረው «ኔፓል» የሚለው ስምም ቀስ በቀስ ድል አድራጊዎቹ ለመሠረቱት ሰፊ አገር ተሰጠ።