የብረሽለስ ሞተር ጥርስ አመራረጥ ለሪሞት የእሽቅድምድም መኪኖች፤ በባሕር ዳር ሁኔታ

አብዛኛው በሪሞት የሚነዳ የእሽቅድምድም መኪና እንደ ባጃጅ እየሄደ ማርሽ አይቀይርም። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ትንሹ ጥርስ፣ ማለትም ፒኒየኑ፣ እንዲሁም እሱ የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ፣ ማለትም ስፐሩ፣ ገና ከውድድሩ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይመረጣሉ፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሳም፣ ኩርባ ሲዞርም፣ በቀጥታው መንገድ ሲከንፍም የሚሠራው በዚያው በአንዱ ምጣኔ ነው።

ብስክሌት በበዛባት ባሕር ዳር ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣ ባለማርሽ ብስክሌተኛ ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ ያሻግራል፤ እግሩ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ጎማው ቀስ ይላል፣ ዳገቱ ግን ይቀልለታል። ዘንባባ በተተከለበት ሜዳ አስፋልት ላይ ሲደርስ ወደ ትንሹ ይመለሳል። በሪሞት መኪና ላይ ፒኒየኑን እንደ ፔዳሉ ጥርስ፣ ስፐሩን እንደ ኋላው ጥርስ መቁጠር ይቻላል። ፒኒየኑ በተለቀ ወይም ስፐሩ ባነሰ ቁጥር የመጨረሻው ፍጥነት ይጨምራል፣ የመነሻ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሞተሩንም ይከብደዋል።

ምጣኔው የሚገኘው የስፐሩን ጥርሶች ብዛት ለፒኒየኑ ጥርሶች ብዛት በማካፈልና ውጤቱን በመኪናው የውስጥ ማስተላለፊያ ምጣኔ፣ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ስፐሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በሚያሳየው ቁጥር፣ በማባዛት ነው። የውስጥ ምጣኔው 2.6 በሆነ መኪና ላይ ባለ86 ጥርስ ስፐር ከባለ23 ጥርስ ፒኒየን ጋር ሲገጠም 9.72 ይመጣል፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 9.72 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ኬቪ የሚባለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ያለ ጭነት ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚሽከረከር ያሳያል። ባለ3,500 ኬቪ ሞተር በ7.4 ቮልት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ በደቂቃ 25,900 ዙር ስለሚደርስ፣ የጎማው ዲያሜትር 85 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስሌቱ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ይህ የወረቀት ፍጥነት ነው፤ መሬት ላይ የሚገኘው ሁልጊዜም ከዚህ ያነሰ ነው። በብዙ የውድድር ሞተሮች ላይ ከኬቪ ይልቅ የሽቦው ጥቅል ብዛት፣ ለምሳሌ 13.5፣ 17.5 ወይም 21.5፣ ይጻፋል፤ ጥቅሉ ያነሰ ሞተር ፈጣን በመሆኑ ከፍ ያለ የምጣኔ ቁጥር ይፈልጋል።

ብረሽለስ ሞተር በሥራ ብዛት የሚያልቅ ካርቦን፣ ማለትም ብረሽ፣ የለውም፤ ኩሽኔታው በጊዜው ከተጠበቀ ዕድሜው ረጅም ነው። ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ጥርስ መምረጥም በመሠረቱ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚግል መወሰን ነው። ፒኒየን የሚያሳድግ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ሲከብደው ከባትሪው የሚስበው ከረንት ይጨምራል፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከልክ ያለፈ ሙቀት የሮተሩን፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክፍል፣ ማግኔት ያደክማል፤ በዚህ መንገድ የደከመ ማግኔት ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ወደ ቀድሞ ጉልበቱ አይመለስም። በዚህ ምክንያት ብዙ ተወዳዳሪዎች ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን እንደ ጣሪያ ይይዙታል።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ጥንቃቄ መጥበቅ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከሞተሩ ላይ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ሞቆ ይጠብቃል። ስለዚህ የአምራቹ ሰንጠረዥ ከሚያዝዘው በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ባነሰ ፒኒየን መጀመር ይመረጣል። ሣርና ልቅ አፈር ከአስፋልት ይልቅ የጎማውን መሽከርከር ስለሚያከብዱ፣ ከአስፋልት ወደ ሐይቁ ዳር ሣር የሚወርድ ሰው ከዚያም ዝቅ ማለት ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። መኪናው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በውድድር ፍጥነት ይነዳል፤ እንደቆመም የሞተሩ ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለካል፣ ይመዘገባልም። ከጣሪያው ብዙ ዝቅ ካለ ፒኒየኑ በአንድ ጥርስ ብቻ ያድጋል፤ ከዚያም ልኬቱ ይደገማል። የሞተሩ ታይሚንግ፣ ማለትም ከረንቱ ከሮተሩ አቀማመጥ አንጻር ምን ያህል ቀድሞ ወደ ሽቦው እንደሚገባ የሚወስነው ማስተካከያ፣ ከፍ ከተደረገ ዙሩም ሙቀቱም ስለሚጨምር ፒኒየኑ ብዙውን ጊዜ መልሶ ማነስ አለበት።

ፒኒየን በተቀየረ ቁጥር የጥርሶቹ አያያዝም እንደገና ይስተካከላል። ከደብተር የተቀደደ ቀጭን ወረቀት በሁለቱ ጥርሶች መካከል ገብቶ ሞተሩ ወደ ስፐሩ ይጠጋል፤ ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ጥርሱ በእጅ እየዞረ ወረቀቱ ይወጣል። ወረቀቱ እንደ መጋዝ ተጨማድዶ፣ ሳይቀደድ ከወጣ አያያዙ ልክ ነው። ከላላ ጥርሱ ይበላል፤ ከጠበቀ ደግሞ ሞተሩ ያለ ጥፋቱ ይግላል፣ ነጂውም ችግሩ የምጣኔው መስሎት ትክክለኛውን ፒኒየን አውልቆ ያስቀምጣል።