የትሮለር ጀልባ «የግንባታ ጥራት» ምንድን ነው?

ያገለገለ ትሮለር ለመግዛት የሚሄድ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የሚያብረቀርቀው ቫርኒሽ ላይ ነው። ከዚያ አልጋውን፣ ማድቤቱን፣ መሪው አጠገብ የተደረደሩትን አዳዲስ ስክሪኖች ያያል። ሻጩም የሚያሳየው እነዚህኑ ነው። የግንባታ ጥራት ግን እዚያ የለም። የግንባታ ጥራት ማለት ጀልባውን የሠራው ሰው ገዢው በማያየው ቦታ የሠራው ሥራ ነው።

ከጥገና ጋር አናምታታው። ቫርኒሽ መቀባትና ዘይት መቀየር የባለቤቱ ድርሻ ነው። በደንብ ተሠርቶ የተረሳ ጀልባ ገንዘብና ትዕግሥት ካለ ይመለሳል። በግዴለሽነት ተሠርቶ በደንብ የተያዘው ግን ላዩ እንዳማረ ይኖራል፤ ውስጡን ለቄስ።

ትሮለር የሚባለው የሞተር ጀልባ ስሙንም መልኩንም የወሰደው ከዓሣ አጥማጆች መርከብ ነው። ደንዳና ነው፣ ፊቱ ከፍ ይላል፣ በናፍጣ ይሠራል። ቀስ ብሎ ሩቅ ይሄዳል። ውሃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቱ 36 ጫማ ከሆነ፣ ውሃውን እየገፋ የሚሄድበት ፍጥነት 8 ኖት ገደማ ነው። ይህም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ማለት ነው።

ዛሬ ለሽያጭ ከሚቀርቡት አሮጌ ትሮለሮች ብዙዎቹ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእስያ፣ በተለይ በታይዋን የተሠሩ ናቸው። ግራንድ ባንክስ የተባለው ስመ ጥር ትሮለር እስከ 1973 ድረስ ከእንጨት ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ወደ ፋይበርግላስ፣ ማለትም ሬዚን በሚባል ሙጫ ወደ ደረቀ የመስታወት ክር፣ ዞረ። ስለዚህ የምታዩት ጀልባ ዕድሜው 40 ወይም 50 ዓመት ሊሆን ይችላል። ይህ ለገዢው ጥሩ ነው። አዲስ ጀልባ ሲገዛ የሠሪውን ቃል ከማመን ሌላ ምርጫ የለም። አሮጌውን ግን ጊዜ ራሱ ፈትኖታል፤ የእኛ ሥራ ውጤቱን ማንበብ ነው።

ውጤቱ ከሁሉ በላይ የሚነበበው በላይኛው ወለል ላይ ነው። ፋይበርግላስ ወለል አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሳንድዊች ነው የሚሠራው። ላይና ታች ስስ ፋይበርግላስ፣ መሀሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ። እንዲህ ሲሆን ወለሉ ሳይከብድ ይጠነክራል። ሳንድዊቹ በራሱ ጥፋት የለበትም። ችግሩ ቀዳዳው ነው። የእጅ መደገፊያው ብረት፣ የገመድ ማሰሪያው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ወለሉን ወይም ግድግዳውን በስቶ ይገባል። ጠንቃቃ ሠሪ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን እንጨት አውጥቶ ቦታውን በሬዚን ይሞላዋል። ግዴለሹ ደግሞ ባልሳውን ቀጥ አድርጎ በስቶ፣ ትንሽ ማሸጊያ ቀብቶ ያልፋል። በርክክቡ ቀን የሁለቱ ጀልባ ልዩነት አይታይም። ማሸጊያው ከዓመታት በኋላ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግን ውሃ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል።

የዚያ ዘመን ትሮለሮች ወለላቸው ላይ ቲክ እንጨት ይነጠፍ ነበር። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ብዙ ጊዜ ግን የተያዘው በመቶዎች በሚቆጠሩ ቪቴዎች ነው፤ እያንዳንዱ ቪቴ ለውሃ በር ነው። እኔ ብሆን ቲክ የለበሰ አሮጌ ወለል ሳይ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ከሥሩ እርጥብ ነው ብዬ ነው የምነሳው።

ለማወቅ ማንኳኳት ነው። በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ወይም በካቻቢቴ እጀታ ወለሉን በየስንዝሩ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ወይም የተላቀቀው ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ አለው። ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ተረከዛችሁንም አሳርፉበት፤ ወደ ታች የሚል ወለል አልቆለታል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያም ይረዳል፣ ግን ከሥሩ ብረት ወይም ታንከር ሲኖር ያሳስታል።

ከውሃ በታች ያለው አካል ላይ የሚወጡት እብጠቶች ሰውን በጣም ያስፈራሉ። ውሃ በቀለሙ ሽፋን ውስጥ አልፎ ከሬዚኑ ቅሪት ጋር ሲደባለቅ የሚፈጠሩ ናቸው፤ ሲበሱ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣቸዋል። ጥገናው አድካሚ ነው። ሆኖም ጀልባውን የሚያዳክሙት አልፎ አልፎ ነው። የበሰበሰ ወለል ከዚህ ይልቅ ሊያስጨንቀን ይገባል።

ከወለሉ የሚወርደው ውሃ ደግሞ እዚያ አያቆምም። በዚያ ዘመን የነዳጅ ታንከሮቹ ብዙዎቹ ከተራ ብረት የተበየዱ ነበሩ፤ ውሃው አናታቸው ላይ ተኝቶ ያዝጋቸዋል። ታንከሩ ያለው ደግሞ ከሞተሩ ጎን ነው። አሳቢ ሠሪ ታንከሩ አንድ ቀን እንደሚቀየር አስቦ መውጫ ትቶለታል። ሌላው መጀመሪያ ታንከሩን አስቀምጦ ጀልባውን በላዩ ላይ ሠርቷል፤ ለማውጣት ሞተር መንቀል ወይም ታንከሩን እዚያው መቆራረጥ ግድ ይላል። እኔ የግንባታ ጥራትን የማየው እዚህ ላይ ነው። ሞተር ክፍል ገብታችሁ በግድግዳው በኩል ያለውን የሞተሩን ጎን በእጃችሁ ለመንካት ሞክሩ። እጅ የማይደርስበት ነገር አይጠገንም።

እግረ መንገዳችሁን ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች ከጀልባው አካል ጋር የተጣበቁበትን የፋይበርግላስ ጥብጣብ እዩ፤ መላቀቅ የለበትም። ውሃ የሚገባባቸው ቫልቮች ብሮንዝ መሆን አለባቸው። ብራስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) በባሕር ውሃ ዚንኩ እየወጣ ወደ ሮዝ ይለወጥና ይሰባበራል።

የምርት ስም ብቻውን አይበቃም። አንድ ንድፍ በተለያዩ ወርክሾፖች ተሠርቷል፣ ከአንድ ወርክሾፕም የተለያየ ስም የያዙ ጀልባዎች ወጥተዋል። ገለልተኛ የጀልባ መርማሪ ቅጠሩ፤ ሻጩ የጠቆመውን ሳይሆን ራሳችሁ የመረጣችሁትን። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ይታይ፣ ባሕር ላይም ይሞከር።

ከመርማሪው በፊት ራሳችሁ ስትሄዱ ደግሞ፣ ከቻላችሁ በዝናብ ማግስት ይሁን። ባትሪ ያዙ። የቁም ሣጥኖቹን ዕቃ አስወጡና ከጀርባቸው አብሩ፤ በየመስኮቱ ሥር ያለውን እንጨት በጣታችሁ ጫን በሉት። ቡናማ የውሃ መስመር ካያችሁ ወደ ላይ ተከተሉት፤ መነሻው የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ሳታገኙ ስለ ዋጋ አትነጋገሩ።