ትክክለኛነት ምንድን ነው? ስለዚያ 98 በመቶ ጉዳይ

ባለፈው ማክሰኞ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ እያዳመጥኩ ነበር። አንድ የቴክኖሎጂ ተንታኝ የፋብሪካ ሞተር ሳይቃጠል አስቀድሞ ስለሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ያብራራሉ። «ትክክለኛነቱ 98 በመቶ ነው» አሉ። እስከዚህ ዝም አልኩ። ቀጥለው ግን «ስለዚህ መቶ ጊዜ ቢጮህ የሚሳሳተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው» ሲሉ፣ ሳላስበው «አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ ወራጅ ያለ መስሎት መኪናውን አስቆመ።

ይህን ስሕተት በጋዜጣ አንብቤዋለሁ፤ በስብሰባ ሰምቼዋለሁ፤ ከመመረቂያ ጽሑፍ ላይም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። በሚኒባስ ውስጥ ሲመጣብኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ትክክለኛነት ማለት ሥርዓቱ ከሰጣቸው መልሶች ሁሉ ውስጥ ትክክል የሆኑት ድርሻ ነው። ሥርዓቱ ከመረጃ እንዴት እንደሚማር፣ ሴንሰሩ ምን እንደሚለካ እዚህ አልገባበትም። ነገሩ ያለው «ሁሉ» በምትለው ቃል ላይ ነው። «ብልሽት አለ» የሚለው መልስ ብቻ ሳይሆን «ደህና ነው» የሚለውም ይቆጠራል፤ ደህናው ደግሞ ሁልጊዜ እጅግ ይበዛል።

አንድ የሰፈር ዘበኛ አስቡ። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል። ጠዋት ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ሌባ አልመጣም።» በዓመቱ 365 ሌሊቶች ውስጥ ሌባ የመጣው ሦስት ሌሊት ብቻ ከሆነ፣ ይህ ሰው 362 ጊዜ እውነቱን ተናግሯል። ትክክለኛነቱ ከ99 በመቶ በላይ ነው። ሦስት የውሃ ዲናሞ ግን ከግቢ ወጥቷል።

አሁን ወደ ተንታኙ ሞተር እንመለስ። 1,000 ምርመራ ተደርጎ በ10ሩ ላይ ኩሽኔታው፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው ክፍል፣ በእርግጥ መበላት ጀምሯል እንበል። ሥርዓቱ ከ10ሩ ዘጠኙን ያዘ፤ ደህና ከሆኑት 990 ውስጥ ደግሞ በ18ቱ ላይ በከንቱ ጮኸ። ትክክለኛ መልሶቹ 9 እና 972፣ በድምሩ 981 ናቸው። 98.1 በመቶ፣ ልክ ሬዲዮው እንዳለው። ግን ስንት ጊዜ ጮኸ? 27 ጊዜ። እውነት የነበረውስ? ዘጠኙ። ከሦስት ጩኸት ሁለቱ ሐሰት ነው ማለት ነው። ያ እንቅልፋም ዘበኛ እዚሁ ፋብሪካ ቢቀጠር ደግሞ አንድም ሳይጮህ 99 በመቶ ያገኛል፤ ከማሽኑ በለጠ!

ስለዚህ ክቡር ተንታኝ፣ እርስዎ የተናገሩት ስለ ሌላ ቁጥር ነው። ከጮኸው ውስጥ እውነት የሆነው ድርሻ በእኛ ሙያ ፕሪሲዥን ይባላል። ከእውነተኛው ብልሽት ውስጥ የተያዘው ድርሻ ደግሞ ሪኮል ነው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ሲሶ፣ ሁለተኛው 90 በመቶ ነው፤ ሁለቱም 98 አይደሉም። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ፕሪሲዥንን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያው «ትክክለኛነት» ላይ ነው፤ ሁለት ቁጥር በአንድ ስም ሲጠራ መምታታቱ አይቀርም።

ተቃራኒው ዘበኛም አለ። ቅጠል ኮሽ ሲል ፊሽካ፣ ጅብ ሲያልፍ ፊሽካ፣ ጎረቤት አምሽቶ ሲገባ ፊሽካ። አንድም ሌባ አያመልጠውም፤ ሪኮሉ መቶ በመቶ ነው። ከሳምንት በኋላ ግን ማንም አይነሣለትም። በፋብሪካም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ጥገና ክፍሉ በከንቱ መሮጥ ሲሰለቸው የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ይዘጋዋል። ከሁለቱ ዘበኞች የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው የዲናሞ ዋጋና የእንቅልፍ ዋጋ ነው፤ ይህን ደግሞ ባለፋብሪካው እንጂ እኔ ከቢሮዬ ሆኜ አላውቀውም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለውም እዚህ ይመጣል። ሞተሩ ሊቃጠል አምስት ደቂቃ ሲቀረው የጮኸ ሥርዓት በሠንጠረዡ ላይ «ትክክል» ተብሎ ይመዘገባል። ለጠጋኙ ግን ምን ሊፈይድለት? በዚህ ነጥብ የዘበኛ ምሳሌዬ ያልቅብኛል፤ ሌባ በአንድ ሌሊት መጥቶ ይሄዳል፣ ኩሽኔታ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚበላው፤ «መጣ» የሚባልበትን ሰዓት የምንወስነው እኛው ነን።

ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ቁጥሩ በምን ላይ ተፈትኖ እንደሚመጣም አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዘርፍ ብዙ ተመራማሪ የሚሠራበት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው የኩሽኔታ ንዝረት መረጃ አለ። የኩሽኔታዎቹ ጉዳት በሥራ ብዛት የመጣ ሳይሆን፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሆን ተብሎ የተቦረቦረ ነው። ከአንድ ኩሽኔታ የተቀዳውን ንዝረት ቆራርጦ ግማሹን ለሥልጠና፣ ግማሹን ለፈተና ማዋል የተለመደ ነው። ያኔ ማሽኑ የሚፈተነው ባጠናው በዚያው ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ወደ 100 በመቶ ቢጠጋ ምን ይገርማል? እኔም በመጀመሪያ ጥናቴ ይህንኑ አድርጌ 99 ሲመጣልኝ ጓደኞቼን ቡና ጋብዣለሁ። በኋላ ሥርዓቱን አቃቂ አካባቢ ወዳለ አንድ ፋብሪካ ወስጄ ስሞክረው፣ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ሞተሩ ሲነሣ ብልሽት ነው ይል ጀመር። ጎረቤት ማሽን ሲንቀጠቀጥም እንዲሁ።

ትክክለኛነት ግን ከንቱ መለኪያ ነው እያልኩ አይደለም። የሚለዩት ነገሮች ቁጥራቸው ከተቀራረበ ጥሩ አመልካች ነው፤ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ፊደል እኩል ናሙና ተይዞ የእጅ ጽሕፈትን በሚያነብ ሥርዓት ላይ። እዚያም ቢሆን 95 በመቶ ሲባል የምን 95 እንደሆነ ይጠየቅ። የፊደል ከሆነና ስሕተቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ አምስት ፊደል ያለው ቃል ሙሉ በሙሉ በትክክል የመነበብ ዕድሉ ወደ 77 በመቶ ይወርዳል። 1,500 ፊደል ባለበት ገጽ ላይ ደግሞ 75 ስሕተት ይጠበቃል። ፀሐይን «ጸሀይ» ብሎ ያነበበው ተሳሳተ ወይስ አልተሳሳተም የሚለውን ጠብ ለጊዜው ልተወው።

ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 ፊንሊ የተባለ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ አውሎ ነፋስ የሚነሣበትን አካባቢ እየተነበየ 96.6 በመቶ ተሳካልኝ ብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ጊልበርት የተባለ የጂኦሎጂ ሊቅ የአቆጣጠሩን ጉድለት አሳየ። በዚያው መረጃ ላይ ሁልጊዜ «አይነሣም» ያለ ሰው 98.2 በመቶ ያገኝ ነበር። ግን ፊንሊን አንበድለው፤ ቁጥሮቹን አልደበቀም። 28 ጊዜ ተንብዮ ደረሰለት፣ 72 ጊዜ ተንብዮ ቀረ፣ 23 ጊዜ ሳይተነብይ ነፈሰ፣ 2,680 ጊዜ አይነሣም ብሎ አልተነሣም። ጊልበርት ሊሞግተው የቻለው አራቱም ስለነበሩለት ነው። ክቡር ተንታኝ፣ እኔም ከእርስዎ የምጠብቀው እነዚህኑ አራት ቁጥሮች ነው፤ ሬዲዮው ሰዓት ካጠረው ያመለጡትንና በከንቱ የተጮኸባቸውን ብቻ ይንገሩን።