በልጆች መጻሕፍት ላይ ስለተሠሩ ፊልሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጆች ብርዱን ሸሽተው ቤት ይውላሉ። ጋቢ ተከናንበው፣ በፍላሽ የመጣ ካርቱን ይደጋግማሉ። ከእነዚህ ካርቱኖች ብዙዎቹ ከታወቁ መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው። ወላጆች ስለ እነሱ የሚሉት ግን ሁልጊዜ ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ፊልሙን ካየ መጽሐፉን አወቀው»

በጭራሽ! ፒኖኪዮን እንውሰድ። ከእንጨት የተሠራው ልጅ ታሪክ ነው። በ1940 የአሜሪካው ፊልም ሠሪ ዲዝኒ ባወጣው ፊልም ፌንጣው የፒኖኪዮ መካሪ ሆኖ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ ከ1881 ጀምሮ በልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ያወጣው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ፒኖኪዮ የፌንጣው ምክር አናዶት መዶሻ ይወረውርበትና ይገድለዋል። ይህን ለሰፈሬ ልጆች ሳነብላቸው «ፌንጣውን?!» ብለው አብረው ጮኹ። አንዷማ ገጹን በዓይኔ ካላየሁ አለች። ምዕራፍ 15 ላይ ደግሞ ፒኖኪዮ ራሱ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ኮሎዲ እዚያው ሊጨርሰው አስቦ ነበር። አንባቢዎቹ ይቀጥል ባይሉት ኖሮ ታሪኩ በዚያው ቀርቶ ነበር።

«ዘ ጃንግል ቡክ»ም እንዲሁ ነው። በ1967ቱ ፊልም ካ የሚባለው ዘንዶ፣ በጫካ ተኩላዎች ያሳደጉትን ልጅ ሞውግሊን ሊውጠው ያደባል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኪፕሊንግ በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ካ ከድቡና ከግስላው ጋር ሆኖ ልጁን ከጦጣዎች እጅ ያስጥለዋል። ፊልሙ ላይ የሚዘፍነው የጦጣ ንጉሥ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ የለም። እዚያ ጦጣዎቹ የሚናቁት መሪም ሕግም ስለሌላቸው ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳ እያየ ያደገ የመንዝ ልጅ እዚህ ጋ ሙግት ሊገጥም ይችላል። ጭላዳዎች ብዙውን ጊዜ አንድ አውራ ከሴቶቹና ከግልገሎቹ ጋር በየቤተሰቡ ሆነው ሣር ይግጣሉ። እንዲህ ያለ ክርክር በጣም ደስ ይለኛል።

«ታሪኩን የሚለውጡት መጽሐፉን ስለናቁት ነው»

አንዳንዴ ምክንያቱ የፊልም ሥራው ራሱ ነው። በ1900 በወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» መጽሐፍ የዋናዋ ልጅ የዶሮቲ ጫማ የብር ነው። በ1939ኙ ፊልም ቀይ ሆነ። ቴክኒከለር የሚባለው የቀለም ፊልም ያኔ ብርቅ ስለነበር፣ ዓይን የሚስብ ቀለም ተፈለገ። ሴት አያትም እንቅልፍ ያንገላጀጀውን ልጅ አይታ ተረቷን ታሳጥራለች፤ ተረቱን ንቃ አይደለም። አንዱን ለውጥ ግን አልወደውም፦ መጽሐፉ ውስጥ እውነተኛ አገር የነበረውን ኦዝን ፊልሙ ሕልም አደረገው። ያ ሁሉ የልጅቷ ጀግንነት ሕልም ሆኖ ሲቀር ያናድዳል።

«ደራሲው ከፈቀደ ፊልሙን ወዶታል ማለት ነው»

ሜሪ ፖፒንስ የምትባለውን አስማተኛ ሞግዚት ታሪክ የጻፈችው ፒ. ኤል. ትራቨርስ ዲዝኒን ለዓመታት እምቢ ስትል ቆይታ በመጨረሻ ፈቀደች። በ1964 ፊልሙ ሲወጣ ግን አልወደደችውም። በተለይ በተዋንያኑ ፊልም መሃል የገባውን የካርቱን ክፍል ጠላችው።

«የድሮ የልጆች ታሪክ ሁሉ ለስላሳ ነው»

በ1989ኙ ፊልም ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችው ትንሿ የባሕር ልጅ ልዑሉን ታገባለች። የዴንማርኩ ደራሲ አንደርሰን በ1837 ባወጣው ተረት ግን ልዑሉ የሚያገባው ሌላ ሴት ነው፤ እሷ የባሕር አረፋ ሆና ከዚያ ወደ አየር መንፈሶች ትቀላቀላለች።

«ካርቱን ሁሉ መነሻው የልጆች መጽሐፍ ነው»

አይደለም። ዲዝኒ ካርቱን ያደረገው የአጋዘኑ የባምቢ ታሪክ በ1923 ሲታተም ለአዋቂዎች የተጻፈ ልብ ወለድ ነበር።

«ፊልም ልጅን ከንባብ ያርቀዋል»

እኔ የማየው ሌላ ነው። ፊልሙን ያየ ልጅ ታሪኩን ስለሚያውቀው መጽሐፉን አይፈራውም። ልዩነቱን ለመያዝ ሲል ብቻ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢገኝም፣ አንድ ትልቅ ሰው እያየ በአማርኛ ቢተርክለት ይበቃል። ከየት ልጀምር ለሚለኝ ወላጅ የምመልሰው «ማብቂያ የሌለው ታሪክ» የሚለውን የጀርመናዊውን ሚካኤል ኤንደን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ1979 ወጣ፤ ፊልሙ በ1984። ኤንደ ፊልሙን እጅግ ከመጥላቱ የተነሳ ስሜን አውጡልኝ ብሎ ነበር። ፊልሙ የሚያልቀው ደግሞ መጽሐፉ ገና ግማሽ ላይ ሳለ ነው። ልጁ ፊልሙን አይቶ ሲጨርስ፣ ከመጽሐፉ ግማሽ ወዲያ ያለውን አንብቡለት።